ቀስተኛዋን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ

ጎበዝ፣ ዛሬ ነፍስ አጠፋሁ። ጎረቤትም ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አትሳቁ፣ ስሙኝማ!

እዚህ ጭሮ ጌም የምንጫወት ጥቂት ልጆች አለን። ስልክ ላይ አይደለም፤ ጠረጴዛ ከበን፣ ወረቀትና ዳይስ ይዘን ነው። ሁሉም የራሱ ጀግና አለው። የእኔ ጠንቋይ ነው (ፓስተራችን እንዳይሰማ!)። የሂክማ ደግሞ ቀስተኛ ናት።

ሂክማ ሥራ አግኝታ ነገ ጋምቤላ ትሄዳለች። የዛሬው የመጨረሻ ጨዋታችን ነበር። ገና ስንቀመጥ፣ «እኔ ብሄድም እሷ እዚሁ ትቆይልኝ። አንተ ተጫወትላት፣ አደራ» አለችኝ።

አደራ! ከስንቱ ሰው መሀል ለእኔ!

ዋሻ ገባን። ጭራቆች ከበቡን። እኔም ሂክማ ፊት ጎበዝ ልምሰል ብዬ የእሳት ኳስ ወረወርኩ።

በጨዋታው ሕግ እሳት ዘመድ አያውቅም። የፈነዳበት ክብ ውስጥ ያለ ሁሉ ይቃጠላል። እሳቱን የወረወረው ዳይስ ይጥላል፤ የወጣለት ቁጥር ከተቃጠለው ጀግና ሕይወት ይቀነሳል። ዘሎ ያመለጠ እንኳ ግማሹን ይቀምሳል።

ቀስተኛዋ ክቡ ውስጥ ነበረች። እኔን ልትከላከል እኮ ነው ከፊቴ የቆመችው!

ሂክማ ለማምለጫ ዳይሱን ጣለች፤ ዘሎ ለማምለጥ ትልቅ ቁጥር ያስፈልጋል።

አንድ።

በቃ፣ እሳቱን ሙሉውን ቀመሰችው፣ ሞተች። ጭራቆቹም ሞቱ፣ ምን ያደርጋል።

ከሂርና የመጣው ጓደኛችን ኬና ለቀልድ ደረቱን እየመታ ሙሾ ጀመረ። እኛም ተቀበልነው። ሂክማ ግን የምሯን አለቀሰች። እሷን ሳይ እኔም አላስቻለኝም።

በሩ ተበረገደ! ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ ናቸው፣ ከኋላቸው የሰፈር ሴቶች።

«ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ ልጄ?»

ምን ልበል? «ቀስተኛ ናት፣ አዴ... ወረቀት ላይ ያለች። እኔ ነኝ ያቃጠልኳት።»

ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ሂክማ አጠገብ ተቀምጠው አቀፏት።

«ነገ አይደል የምትሄጂው? አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንተ ጅል!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።

ሂክማ ይቅር ብላኛለች፣ ስቃብኛለችም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ገና ሳትሄድ ናፍቃኛለች። ቀስተኛዋ ብትኖር ደውዬ፣ «ቀስተኛሽ በግራ ትሂድ በቀኝ?» እላት ነበር። እስከ ዛሬ ከእሷ ጋር ያወራሁት ሁሉ በጨዋታ ሰበብ ነው፤ ሌላ ወሬ አልችልበትም።

እስቲ ንገሩኝ፣ አሁን ምን ብዬ ልደውልላት?