ሽፋን አይቶ የሚቃወም ወላጅ

መጽሐፍን በሽፋኑ ብቻ የሚቃወም ወላጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንግዲያውስ እኔን ተዋወቁኝ። በኮሮናው ጊዜ ትምህርት ቤቱ ለልጅ ልጄ ሽፋኑ ላይ ጠንቋይ የተሳለበት መጽሐፍ ሰጣት። «ይህ ሰይጣን ቤቴ አያድርም!» ብዬ በጆሃንስበርግ ዳርቻ ባለችው ሰፈራችን በካትሌሆንግ ያሉትን ሐበሻ ባለሱቅ ወላጆች ሁሉ አሳደምኩ። መምህሯም በዙም ስብሰባ ጠራችን። እስከዚያው ማስረጃ ልሰብስብ ብዬ ልጅቷ መጽሐፉን ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኩ።

በስብሰባው «መጽሐፉ ይመለስ የምትሉ?» ስትል ሁሉም እጁን አወጣ።

«አባባ፣ አንተው አሳድመህ እጅህ የታለ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

እስካነበብንበት ገጽ ድረስ ጠንቋይዋ ያሰረችውን ልጅ ገና አልፈታችውም! እጄን እየጎተትኩ ሳነሳ የሰፈሩ መብራት ከነኔትወርኩ ድርግም አለ፤ ስብሰባውም ተበተነ። በጆሃንስበርግ መብራት ሲጠፋ ተመስገን ያለ ሽማግሌ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«መጽሐፉን ይዘሽ ነይ ወደ መስኮቱ» አልኳት፣ «ፈታችው?»