የታጨው ፊልምና የጋሽ ይመር ድምፅ

አንድ ፊልም «ለሽልማት ታጨ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ሰርግ ይታየኛል። ቃሉ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። በእኛ አገር የሚታጨው ሰው ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረቤት አስተያየት ይሰጣል። ልጁ ቁመቱ አጠረ፣ ልጅቷ ምላሷ ረዘመ፣ አማቲቱ እንዲህ ናት ይባላል። ይሄን ሁሉ የሚያወራው ሰው ሙሽሮቹን ከሩቅ እንኳ አይቶ ላያውቅ ይችላል። የፊልሙም ነገር ያው ነው። የታጩት ስማቸው በተጠራ ማግስት፣ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር በሌለባት በእኛ ከተማ፣ አስተያየቱ ከደሴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይገባል። ፊልሙ ራሱ ኔትወርክ ሲፈቅድ ይከተላል።

እኔ ሙሀመድ እባላለሁ፤ ሰው ሁሉ ግን ሙሄ ነው የሚለኝ። ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ውጫሌ በሚያወጣው አስፋልት ዳር ሞባይል እጠግናለሁ። ፊልምና ዘፈንም እጭናለሁ። እንግዲህ ፊልም የሚጭን ሰው አስተያየት ከሌለው ደንበኛው ምን ብሎ ይመርጣል? ስለዚህ አስተያየት አለኝ። ብዙ አለኝ። ችግሬ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አለመቻሌ ነው። ፊልም ስከፍት እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ካቻቢት ይፈልጋል፣ ልቤ ቀጥሎ የሚመጣው ላይ ነው። የዘንድሮዎቹን ዕጩዎች ብትጠይቁኝ፣ አንደኛው ባልና ሚስት እስኪፋቱ ድረስ አብረን እንድንሰቃይ የተሠራ ነው። ሌላው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የተወደደባቸው መስሎኝ አዘንኩላቸው። ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ በመስኮት ታያለች፣ ታያለች፣ ታያለች፣ አለቀ። ምን እንዳየች ለእኛ የሚነግረን የለም።

ይሄን ሁሉ የምተነትነው ከጎኔ ካለው ሻይ ቤት ከመምህር አሰፋ ጋር ነው። አሰፋ ሥነ ዜጋ ያስተምራል። በማንኛውም ፊልም ላይ መልእክቱን ሳያገኝ አይነሳም። እኔ ደግሞ መልእክቱን ሳላገኝ እነሳለሁ። በዚህ የተነሳ ወዳጅነታችን አይደክምም።

ታዲያ ያለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጥተው ሐይቁ ላይ ሰነበቱ። ዳይሬክተሯ ወጣት ሴት ናት። ድምፅ የሚቀዳላት ቢኒያም የሚባል ልጅ ገመዱ ተበጥሶበት ወደ እኔ መጣና ጠገንኩለት፤ በዚያው ተዋወቅን። ፊልሙ ተሠርቶ፣ ከባሕር ማዶ ሄዶ፣ አንድ ቀን ለሽልማት ታጨ የሚል ወሬ መጣ። ሐይቅ ከተማ የምትይዘውን አጣች። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «ታጨን» ይሉ ነበር። ፊልሙ ውስጥ የእኛ ሰው ደግሞ አለ። ጋሽ ይመር የተባለው አሳ አጥማጅ ዋናውን ተዋናይ በታንኳ ያሻግረዋል።

ጋሽ ይመር ግን ወሬውን አልሰማም። ፊልም ሠሪዎቹ በሄዱ በጥቂት ሳምንቱ፣ ክረምቱ መካከል፣ ሳል ይዞት ተኝቶ በዚያው ቀረ። አላህ ይዘንለት።

ቢኒያም ፊልሙን አስቀድሞ ላከልኝ። እኔም ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ውጪ ባጃጁም ጄኔሬተሩም እየጮኸ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ አየሁት። ጎረቤቴ በአማርኛ የሚናገረውን በእንግሊዝኛ ማንበቤ በዚያን ሰዓት አልደነቀኝም። ከዚያ ሻይ ቤት ወጥቼ ፍርዴን ሰጠሁ። ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ያች የታንኳ ቦታ ግን ረዝማለች። ሰውየው ይቀዝፋል፣ ይቀዝፋል፣ ውሃው አያልቅም። እኔ ብሆን እቆርጣት ነበር አልኩ። አሰፋ በበኩሉ ሙዚቃው ላይ ተነሳ፤ በአምባሰል አገር እየተቀረጹ ክራሩን በሌላ ቅኝት መምታት ምን የሚሉት ድፍረት ነው ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሻይ ቤቱ በሁለት ተከፈለ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘሀራ ሱቄ በር ላይ ቆመች። የጋሽ ይመር ባለቤት ናት። የባል ሐዘን ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ ገና መውጣት መጀመሯ ነበር። ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ ጨረሰችና ወደ ውስጥ ጠጋ አለች።

«ሙሄ፣ ከፊልሟ ላይ አንዷ ቦታ ረዘመች ብለሃል አሉ።»

ደነገጥኩ። የሟቹን ነገር ነቅፌ ልትወቅሰኝ የመጣች መሰለኝ። «እትዬ፣ ወላሂ እኔ ስለ ፊልሙ አሠራር ነው እንጂ ጋሽ ይመርን…»

«ኧረ ተወኝ፣ እሱን አላልኩህም። ረዘመች ያልከው እውነትህን ነው? በጣም ትረዝማለች?»

«ትረዝማለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

እንግዲህ አስተያየት ስሰጥ ኖሬ፣ አንድም ሰው እንዲህ ተቀብሎኝ አያውቅም። ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ለጋሽ ይመር የነበረው ስልክ ባለ ቁልፍ ነበር፤ ካሜራ የለው፣ ምን የለው። ከእሱ የቀረላት መታወቂያው ላይ ያለችው ፎቶ ብቻ ናት፤ በፎቶዋም ላይ ሊቆጣ የተዘጋጀ ሰው ይመስላል። ሲንቀሳቀስና ሲናገር የሚያሳይ አንድም ነገር የላትም። በስልኬ ላሳያት አወጣሁ። በነጠላዋ ጫፍ አይኗን ሸፈነችና እንቢ አለች። እሑድ በከተማው አዳራሽ በትልቁ ይታያል ስለተባለ፣ በዚህች ጠባብ ስክሪን ላይ አጎንብሳ ልታየው አልፈለገችም። «ሙሉ ቁመቱን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

እስከ እሑድ ድረስ እኔ ነኝ ያልተኛሁት። መብራት ቢጠፋስ? ፕሮጀክተሩ ቢከዳስ? ጄኔሬተር ለመንኩ፣ ናፍጣውን ራሴ ቀዳሁ፣ ገመዱን እየፈታሁ መልሼ አሰርኩ። አሰፋ ያን ሁሉ አይቶ «ዳኞቹ አንተ ጋ ነው እንዴ የሚመጡት?» አለኝ። አንድ ሰው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ አስተያየት ተማምኖ ሊመጣ ነው፤ እንዴት ልረጋ እችላለሁ?

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ሳይቀር ሰው መጥቷል። እትዬ ዘሀራ ከፊት ተቀመጠች፤ አዲስ ሻርፕ አድርጋለች። ፊልሙ ጀመረ። ከተሜው ተዋናይ አዘነ፣ ከአውቶቡስ ወረደ፣ አሁንም አዘነ። ሰዉ የሚያውቀውን ቤትና ዛፍ ባየ ቁጥር ያጨበጭባል። ከዚያ ውሃው ወጣ። ጭጋጉ ወጣ። ከጭጋጉ ውስጥ ጋሽ ይመር እየቀዘፈ መጣ።

ግድግዳውን የሚያህል ሆኖ፣ ያች የለመድናትን ቆብ አድርጎ፣ ግራ ትከሻውን ዘንበል እያደረገ ይቀዝፋል። እትዬ ዘሀራ ሳታውቀው ተነስታ ቆማለች። ከኋላዋ ያሉት ተቀመጪ አላሏትም። እንዳልኩት ቦታው ረዥም ነው። እሱ ይቀዝፋል፣ እሷ ትቆማለች። እኔ ደግሞ ገና ይቀጥል፣ ገና ይቀጥል እያልኩ ጄኔሬተሩን እሰማለሁ።

ከዚያ ጋሽ ይመር ወደ ተዋናዩ ዞረና አፉን ከፈተ። «ውሃ ሁሉን ያስታውሳል፣ ልጄ» አለ።

የወጣው ግን የሬዲዮ ድራማ ድምፅ ነው። ወፍራም፣ የተሞረደ፣ ወሎን በመስኮት እንኳ አይቶ የማያውቅ ድምፅ።

«ማን ነው ይሄ?» አለች እትዬ ዘሀራ ጮክ ብላ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰው ቀጠለ፤ ስለ ትዝታና ስለ ማዕበል አንድ ሁለት የሚያምሩ ነገሮች ተናገረ። እሷ ወደ እኛ ዞረች። «አፉ የይመር ነው፤ ድምጡ የሌላ ሰው ነው። ይመር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ምን አድርጋችሁብኝ ነው?» አለችና ሻርፗን ሰብስባ ወጣች። ተከትዬ ስወጣ ባጃጅ ውስጥ ገብታለች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

የዚያኑ ዕለት ለቢኒያም ደወልኩ። ልጁ አልካደም። ታንኳው ላይ የነበረው ንፋስ ማይኩን ሞልቶት ድምፁ ስለተበላሸ፣ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ተዋናይ አስገብተው እንደተኩት ነገረኝ። ንግግሩንም በዚያው አሳምረውታል። እንዲህ ማድረግ በፊልም ሥራ የተለመደ ነው አለኝ።

«የተበላሸውስ የት አለ?» አልኩት።

«ሙሄ፣ ንፋስ ብቻ እኮ ነው የሚሰማው።»

«ንፋሱን ላክልኝ።»

እፈልገዋለሁ አለ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርክ ሲመጣ ቢኒያም ጠፋ። እሱ ሲገኝ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ሌላ ሰው ጋ ነው። ሱቄ ውስጥ የሰው ስልክ ፈትቼ መግጠም እየረሳሁ፣ ቴሌግራሜን እየከፈትኩና እየዘጋሁ ሰነበትኩ። እትዬ ዘሀራ በበሬ ታልፋለች፤ ሰላም ትለኛለች፤ አትቆምም። ያ አለመቆሟ ከወቀሳ የባሰ ነበር።

ፋይሉ የገባው ፊልሙ ሳይሸለም መቅረቱ በተሰማበት ቀን ነው። ሻይ ቤቱ ሐዘን ቤት ሆኗል። አሰፋ ቆሞ ዳኞቹን እየወቀሰ ነው፤ የአምባሰል ቅኝት ቢገባበት ኖሮ ማን ይነካን ነበር ይላል። ሌሎቹም ፊልሙን ሁለት ጊዜ ሳያዩት ምክንያቱን አግኝተውታል። እኔን አስተያየት የጠየቀኝ ሰው ነበር፣ ግን አልሰማሁትም። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ንፋስ እየሰማሁ ነበር። ከንፋሱ ሥር አንድ ሰው ይነጫነጫል። ድምፁን ብቻ ነጥዬ፣ የቻልኩትን ያህል አጥርቼ፣ በሚሞሪ ጫንኩና ሱቁን ሳልዘጋ ባጃጅ ያዝኩ።

እትዬ ዘሀራ ሐይቁ ዳር ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ማሽላ እየለቀመች አገኘኋት። «ሌላ ሰው እንዳታሰማኝ» አለች ገና ሳልቀመጥ።

«እሱ ነው» አልኳት። ሚሞሪውን ጋሽ ይመር ይዞት ከነበረው ስልክ ውስጥ አስገብቼ በርጩማው ላይ አኖርኩላት።

መጀመሪያ ንፋስ ብቻ ነው። ቀጥሎ የዳይሬክተሯ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው» ይላል። ከዚያ ቀጭን፣ ትንሽ የሻከረ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል፣ የራሳችን የወሎ ድምፅ፦

«ኧረ ተይኝ ልጄ! አንድ ጊዜ ብቻ ያላችሁኝ ከጠዋት ጀምሮ ነው። ወላሂ አሳው ራሱ ተሰላቸብን። ዘሀራ ምሳዬን ከድና ትጠብቀኛለች፤ ካልገባሁ እሷም አትበላ። ምን ብዬ ልግባባት?»

እትዬ ዘሀራ እጇ ማሽላው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ሳይ ግን እንባዋ ይወርዳል፤ መልሼ ሳይ ደግሞ እየሳቀች ነው።

«ውሸቱን ነው!» አለች።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ምን ምሳ ሠራሁና! ተኳርፈን ነበር። በምን እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ። ሳንነጋገር ነው የወጣው። ማታ ሲገባም እኔ ዝም፣ እሱ ዝም፤ ዳቦ ቆርሶ በልቶ ተኛ።» አፏን በሻርፗ ያዘች። «ለሰው ግን ትጠብቀኛለች እያለ ነበር ለካ።»

ልሂድ ብዬ ተነሳሁ።

«የት ልትሄድ ነው? ተቀመጥ» አለችኝና ማሽላውን ወዲያ ገፋ አድርጋ ወደ ማድቤት ገባች። ጠዋት ከሐይቁ ከወጣው ቆሮሶ አሳ ሁለቱን ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እሳቱን ስትቆሰቁስ ይሰማኛል። «ሙሄ፣ እስኪ ድገመው፣ ከዚህ ሆኜ ልስማው!» ብላ ተጣራች። ደገምኩት። ስልኩ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ፣ ጋሽ ይመር ከነንፋሱ፣ ምሳው እየጠበቀው እንደሆነ ለፊልም ሠሪዎቹ ይጮህባቸዋል።

«ጠብቅ እንግዲህ!» ብላ ጮኸች ከማድቤት። «ምን ያስቸኩልሃል፣ ገና አልበሰለም!»

ለእኔ ይሁን ለእሱ አልጠየቅኳትም።