ቀዩን ፒክአፕ ስንሞክር

መኪና የማይገዛ፣ ግን መኪና የሚሞክር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አግብቼዋለሁ።

ባለቤቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዳንግላ ውስጥ ሳይነዱት የተሸጠ ፒክአፕ የለም። ቀዩ ጉልበት አለው፣ ነጩ ነዳጅ ይቆጥባል እያሉ ሲያወዳድሩ ይውላሉ። ዋጋ ሲጠይቁ ግን ሰምቼ አላውቅም። «ፈረስ ስንገዛ ጭነን አይደል የምናየው? መኪናስ ምን ልዩነት አለው?» ይላሉ።

ባለፈው ሰኞ ቀዩን በጭነት ለመሞከር ለወንድሜ ልጅ ሰርግ የሚሆነውን ጤፍ አስጫኑበት። ከሻጩ ጋር ሦስታችንም ተሳፍረን እንጅባራ ወንድሜ ቤት ሄድን።

ገና ግቢ ስንገባ ሴቶቹ እልል አሉ። ወንድሜ ለምለም ሣር ነጭቶ ኮፈኑ ላይ አደረገና አዲሱን መኪናችንን መረቀ። ሻጩም አብሮ «አሜን» አለ። ምን ያድርግ?

«እንግዲህ አማቻችን» አለ ወንድሜ፣ «እሁድ ሙሽራዋን በዚሁ ይሸኙልናል። የኪራዩን መኪና እተወዋለሁ።»

እውነቱን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ባለቤቴ ሣሩን አስተካከሉና «በደስታ!» አሉ።

ሻጩ ፊቱ በርቶ ጠጋ አለኝ። «እማማ፣ ገዙት ማለት ነው?»

እኔ ሳልመልስ ባለቤቴ ጣልቃ ገቡ። «ቀዩ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ለሙሽራ አይሆንም። ለእሁድ ነጩን እሞክራለሁ።»

ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁና ወንድሜን ለብቻው ጠራሁት።

«የኪራዩን መኪና እንዳትተው» አልሁት።

«እናንተስ፣ እትዬ?»

«እኛ» አልሁ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «ገና እየሞከርን ነው።»