ያጠበኝን ሰው ሳላጥብ አልሸኝም

ሥልጠና የሚባለውን ነገር እወዳለሁ። አትታዘቡኝ፤ እናንተም ትወዱታላችሁ። አዳራሽ ገብቶ ደረት ላይ ስም ለጥፎ መቀመጥ፣ አሠልጣኙ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ጎንበስ ብሎ ያልጠፋ እስክሪብቶ መፈለግ፣ የሻይ ዕረፍት ሲባል ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ሳምቡሳው ዘንድ መድረስ... እንዲህ ያለ ኑሮ ከወዴት ይገኛል? አገራችን «የተማረ ይግደለኝ» ትላለች። የሠለጠነ ግን ማንንም አይገድልም። ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ ዲላ ላይ ስታትስቲክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ሥራዬ ከበሽታ ጋር አያገናኘኝም፤ ከበሽታ ቁጥር ጋር እንጂ። ቁጥር ደግሞ አያስልም፣ አያልበውም፣ እቤትህ ድረስም አይከተልህም። እናም ስለ ወባና ስለ ሌሎች የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ምርምር የአካባቢው ሰዎች ይሠልጥኑ ተብሎ ስሜ ሲወጣ ደስ አለኝ። በቡድን የምንመደበው በዕጣ ነበር። ወባ ይደርሰኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ወባ የተከበረ በሽታ ነው፤ ማይክሮስኮፕ አለው፣ ወንበር አለው፣ ትንኟም ብትሆን ብልቃጥ ውስጥ ናት።

የደረሰኝ ዝሆኔ ሆነ።

ዝሆኔ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረግጡ ከኖሩ በኋላ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። እግሩ ባበጠ ቁጥር ሰውዬው ያንሳል። «በዘር ነው» ይሉታል፤ «እርግማን ነው» ይሉታል፤ እሱም ሰምቶ ሰምቶ ከሰው ይርቃል። ደግነቱ እግሩ በየቀኑ በሳሙና ከታጠበ፣ ቅባት ከተቀባና ጫማ ካገኘ እብጠቱ ይጎድላል። አሠልጣኛችን ዶክተር ሰብለ ድምጿ ለስላሳ፣ ሕጓ ግን ብረት ነው፦ «ያላጠባችሁትን እግር አታጠኑም።»

አንድ ጠዋት ከዲላ ተነስተን፣ ወናጎን አልፈን፣ ከፍስሐ ገነት በላይ ካለች ቀበሌ ጤና ኬላ ደረስን። በሽተኞቹ ግቢው ውስጥ፣ እንሰቱ ጥግ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። ለእኔ የደረሱኝ አቶ ጅግሶ የሚባሉ ሽማግሌ ቡና ገበሬ ናቸው። ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚቀመጡት በሩ ሥር እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሰው ሳይነሳ ሹልክ ለማለት። አማርኛቸው ገበያ የተማሩት ነው፤ ወንድና ሴት በመለየት ጊዜ አያጠፋም።

ሳፋዬን ይዤ ተንበረከክሁ። ከመታጠቡ በፊት ግን ፈቃድ መጠየቅ አለና የሸመደድኩትን አነበነብኩ።

«አባቴ፣ መሳተፍ በፈቃድዎ ነው። ካልፈለጉ አይገደዱም። ጀምረውም ማቆም ይችላሉ። ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁኝ።»

አቶ ጅግሶ እግራቸውን ወደ አግዳሚው ሥር ሰበሰቡ።

«አለኝ። አንተ የየትኛው ቸርች ነህ?»

«ለምርምር ነው አባቴ። ቸርች አይደለም።»

«ምርጫ ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ታዲያ ጫማ ያረገ ሰው እግሬ ሥር የሚንበረከከው ምን ልትወስድ ነው?»

እንደምንም አስረዳኋቸው። እሳቸውም ፈረዱ። «እሺ፣ እጠበኝ። ከዛ እኔ አጥብሃለሁ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ያጠበኝን ሰው ሳላጥብ አልሸኝም። እኔ ለማኝ አይደለሁም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሰፈር የቧንቧ ውሃ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ያን ሳምንት መቅረት አምሮት ነበር። ያለችኝን ጀሪካን ለፊትና ለሻይ አብቃቅቼ፣ እግሬን «አንተ ደግሞ ማን ያይሃል» ብዬ አልፌዋለሁ። ካልሲዬ ተረከዙ ላይ መስኮት አውጥቷል።

ዶክተር ሰብለን በዓይኔ ተማጸንኩ። መጥታ ነገሩን ሰማች።

«ዶክተር፣ ይኼ እኮ መመሪያው ላይ የለም» አልኳት በሹክሹክታ።

«የለም። ግን እያቸው» ብላ ወደ አግዳሚው በአገጯ አሳየችኝ። እውነቷን ነው። ጨዋታችንን ሲያዳምጡ የቆዩት ሁሉ እግራቸውን ወደ ኋላ እየሰበሰቡ ነበር። አቶ ጅግሶ ከሄዱ፣ ሁሉም ሊሄድ ነው።

እሺ አልሁና አጠብኳቸው። ውሃውን ቀስ ብዬ አፈሰስኩ፤ የቆዳውን እጥፋት እንዳያማቸው በጣቴ ጫፍ ገለጥ እያደረግሁ አሸሁ። እሳቸው ሽቅብ የእንሰቱን ቅጠል ያያሉ። «ሚስቴ ከሞተ ወዲህ ይሄን እግር ማንም አልነካ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእንሰቱ። ቅባቱን ደግሜ ቀባኋቸው።

ከዚያ ተራው ደረሰ። አቶ ጅግሶ ንጹሕ ውሃ አስመጡ፣ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ በችግር ተቀመጡ፣ ፊታቸውንም ኮስተር አደረጉ።

«ልጄ፣ መሳተፍ በፈቃድህ ነው። ካልፈለግህ አትገደድም። ጥያቄ አለህ?»

አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። ጫማዬን አወለቅሁ። ሳቁ ቆመ። አጠገቤ የነበረችው ሠልጣኝ አንድ ነገር የረሳች ይመስል ተነስታ ወደ መኪናው ሄደች።

አቶ ጅግሶ ግን ንቅንቅ አላሉም። «ዲላ ውሃ የለም እንዴ?»

«የለም አባቴ።»

«ወይ ዲላ!» አሉ ከልባቸው አዝነው፣ ሳሙናውንም ደግመው አነሱ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ለያይተው፣ ልጅ እንደሚያጥብ ሰው፣ አጠቡኝ። መጀመሪያ ኮረኮረኝ፤ በኋላ ግን እግሬን ለቀቅሁላቸው። ያን ያህል ተጠንቅቆ የያዘኝን ሰው ማስታወስ አልቻልኩም።

ቀና ስል አግዳሚው ላይ ያሉት እግሮች በሙሉ ወደ ፊት ወጥተዋል። ደግሞም ማንም ታጥቦ ብቻ የሚሄድ ጠፋ፤ የታጠበ ሁሉ ያጥባል። እኩለ ቀን ላይ ሠልጣኙ በሙሉ በባዶ እግሩ ሣር ላይ ተሰጥቷል፣ ልክ እንዳልደረቀ ቡና።

«አንተም ና እንጂ ዶክተር» አሉ አቶ ጅግሶ ሰብለን። «አንተ ብቻ እኮ ነህ የቀረኸው።»

መጣች። የጻፍነው ሪፖርት «ተሳታፊዎቹ ፈቃደኞች ነበሩ» ይላል። ማን ማንን እንዳጠበ ግን አይናገርም፤ ቦታ አልበቃንም።

ከወራት በኋላ በገበያ ቀን፣ ዲላ ውስጥ ለዝሆኔ በሽተኞች በልካቸው ጫማ የሚሰፋው ሰውዬ በር ላይ ግርግር ሰማሁ። ቀረብ ስል አቶ ጅግሶ ጫማ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሰፍተህልኝ ነበር፤ አሁን ሰፋብኝ!»

«አባቴ፣ ለክቼ ነው የሰፋሁት! ቆዳ እንደ ልጅ ያድጋል እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ እግራቸውን አየሁ። «አባቴ! ጫማው አልሰፋም። እግርዎ ነው የቀነሰው!»

አቶ ጅግሶ እግራቸውን አዩ፣ ጫማውን አዩ፣ እኔን አዩ። ዕንባ ይመጣል፣ ምርቃት ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ወደ ጫማ ሰፊው ዞሩ።

«ሰማህ? እግሬ ቀንሷል፤ አስተማሪው ራሱ መስክሯል። በል፣ አሁን ጠበብ አድርገህ ስፋልኝ።»

«ይጥበብ ነው የምትሉኝ ወይስ ይስፋ?» አለ ጫማ ሰፊው፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ።