ሃኖራ ቱሚ እና የኮክሊ ሱቅ መስታወት

ገበያ የሚወጡ ሴቶች በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሊገዙ የሚወጡና እንደ ሃኖራ ቱሚ ያሉ። ሁለተኛዋን እናንተም ታውቋታላችሁ። በር ላይ ብቅ ስትል ባለሱቁ ድንገት ጓዳ ውስጥ ሥራ የሚያስታውስባት ሴት ናት። በእኛ በዮል ከተማ፣ ከወደቡ እስከ ሰዓቱ ግንብ ድረስ፣ ክብርት ወይዘሮ ሃኖራ ያልዳሰሰችው ጨርቅ፣ ያላሸተተችው ዓሣ አልነበረም። መሳቅ ትችላላችሁ። እኔ ባለሁበት ግን አይሆንም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ አብረን ከዳገቱ እንወርድ ነበር፤ እሷ ባርኔጣዋን በረጅም መርፌ ጸጉሯ ላይ ሰክታ ከፊት፣ እኔ ዘንቢሉን ይዤ ከኋላ። መጀመሪያ ወደቡ ጋ እንቆማለን።

«ይሄ ዓሣ መቼ ነው የሞተው?»

«ዛሬ ጠዋት ነው፣ ወይዘሮ ቱሚ።»

«ታዲያ ምነው ፊቱ የሳምንት ሬሳ መሰለ?»

አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ኮርክ ድረስ ወሰደችኝ። አሥራ አንድ ሱቅ ገባን፣ የአሥራ አንዱንም ባለሱቅ የቤተሰብ ጤና ጠየቀች፣ አንድ ጥቅል ክር ገዝተን ተመለስን። በሚቀጥለው ዓርብ ክሩን ልንመልስ ሄድን።

ዙፋኗ ግን የኮክሊ ልብስ ቤት ነበር። ሽማግሌው ኮክሊ ለሚያውቀው ሰው ሁለትም ሦስትም ልብስ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጥ ነበር። ቤት ወስደሽ ትለኪያለሽ፣ ቤተሰብ ያይልሻል፣ የወደድሽውን ታስቀሪያለሽ፣ ሌላውን ትመልሻለሽ። መያዣ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ስምሽ ብቻ። ሃኖራ ይህን ልማድ እንደ ርስት ያዘችው። «ሱቅ ውስጥ ያለ መስታወት ውሸታም ነው» ትላለች። «ቤት ወስጄ ልየው።»

ምንጣፍ ሳይቀር ወስዳለች። በአገራችን ልማድ ቄሱ በየቤቱ እየዞሩ ይቀድሳሉና ተራው እሷ ቤት የደረሰ ጊዜ፣ የኮክሊን ቀይ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ቄሱን ላዩ ላይ አቁማ አስቀደሰች። ጎረቤት ሁሉ ረገጠው። ሰኞ ዕለት ጠቅልላ መለሰችው። «ቀይነቱ በዛብኝ» አለች።

ኋላ ሽማግሌው እግሩን ሲያመው የወንድሙ ልጅ ፊንታን ከደብሊን መጣ። ንጹሕ ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ በምስማር መታ፤ «ያልተገዛ ልብስ ከሱቅ አይወጣም፤ የተገዛ አይመለስም።»

ያን ጊዜ ባለቤቴ ኮን አልጋ ከያዘ ስምንት ወሩ ነበር። ልጃችን ማሬድ ቅዳሜ ልትዳር ነው። ኮን ቤተ ክርስቲያን እንደማይደርስ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ «የምትለብሽውን ካፖርት እኔ ልምረጥልሽ፣ ፔግ። የኛ ሠርግ ጊዜም የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ዕለት ከሃኖራ ጋር ወረድን። ሦስት ካፖርት ለየሁና ለኮን ላሳያቸው ቤት ልውሰድ አልኩ።

«ወይዘሮ፣ ማስታወቂያውን አላዩትም?» አለኝ ፊንታን።

«አይቻለሁ፣ ይቅርታ» አልኩ፤ እኔ እንዲያው በር ቢመታኝ በሩን ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ልወጣ ስል ሃኖራ ክንዴን ያዘችኝ።

«የምን ይቅርታ ነው? ቁሚ እዚህ! ስማ ፊንታን፣ ባሏ ኮን አኸርን ደረጃ መውረድ አይችልም። ወይ ካፖርቶቹ ይውጡ፣ ወይ ያን ውሸታም መስታወትህን ተሸክመህ ዳገቱን ውጣ!»

«ለአንድ ሰው ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው፣ ወይዘሮ ቱሚ።»

«አጎትህ ሳንጠይቀው ነበር የሚሰጠን!»

«አጎቴ ምንጣፉንም ሰጥቶ ነበር» አለ።

ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ሃኖራ ፊቷ ቀላ።

ከዚያ የራሷን ካፖርት መፍታት ጀመረች። አንድ በአንድ ቁልፎቹን ፈትታ አወለቀችውና ባንኮኒው ላይ ጣለችው። «ይኸው መያዣ!»

ካፖርቱ ተገልብጦ ወደቀ። ገበሩ ተበጣጥሶ አልቋል። የዱቄት ጆንያ ጨርቅ፣ የሟች ባሏ ሸሚዝ፣ የመጋረጃ ቁራጭ ተጥፎበታል። ሠላሳ ዓመት ከኋላዋ ስሄድ ጀርባዋን አይቻለሁ፤ ገበሩን አላየሁም። በየሳምንቱ አዲስ ልብስ ቤቷ የምታስገባው ሴት፣ ለራሷ አንድም አስቀርታ አታውቅም ነበር።

የሳቁት ወደ ጎን ተጠጉላት። እሷ ሦስቱን ካፖርት ጠቅልላ ታቀፈች፣ በሹራብ ብቻ የኅዳር ዝናብ ውስጥ ገባች። ያስቆማት የለም።

ኮንን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው። ግራጫውን ለበስኩ። «መነኩሲት አስመሰለሽ» አለ። ሰማያዊውን ለበስኩ። «እሱ የእህትሽ ነው የሚመስለው።» አረንጓዴውን ለበስኩ። ዙሪ አለኝ፣ ዞርኩ። እንደገና ዙሪ አለኝ።

«ይሄኛው» አለ። «ሻይ እስኪፈላ እንዳታወልቂው።»

ሃኖራ በሩ ጋ ቆማ ውኃ ከጸጉሯ ይንጠባጠባል። «የሱቁ መስታወት ውሸታም ነው አላልኩሽም?» አለችኝ። ኮን ለፋሲካ አልደረሰም፤ ያን ቀን ግን አየኝ። ካፖርቱ ዛሬም አለኝ።

በማግስቱ ዓርብ ሁለቱን መለስን፣ አረንጓዴውን ገዛሁ። ከማስታወቂያው ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ፊንታን የሃኖራን ካፖርት ከጓዳ አወጣ። የሱቁ ልብስ ሰፊ አሮጌውን ገበር አውጥታ፣ ቡናማ የሚያብረቀርቅ አዲስ ገበር ሰፍታበታለች።

ሃኖራ መነጽሯን አደረገች። ስፌቱን በጥፍሯ ቧጠጠች። መስታወቱ ፊት ይዛው ቆመች፣ ከዚያ በሩ ጋ ወስዳ በብርሃን አየችው። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። እኔ በልቤ «እባክሽ አመስግኚው፣ እባክሽ» እላለሁ።

ካፖርቷን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ቤት ወስጄ ልየው» አለች።