የአባቴ እጅ ያረፈበት ትከሻ

የምርቃት ጋውን የሚለብሰው የተመረቀው ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ በአገራችን ምርቃት ላይ ተገኝቶ አያውቅም ማለት ነው። ጋውን እኛ ዘንድ የእድር ድንኳን ነው፤ ያልተጠለለበት የለም። እናት ትለብሰዋለች፣ አክስት ትለብሰዋለች፣ ቆቡ ጡት ባልጣለ ሕፃን ላይ እስከ አፍንጫው ይደፋል። ተመራቂው በሸሚዝ ቆሞ «ፈገግ በሉ» እያለ ፎቶ ያነሳል። በዚህ ልማድ ላይ ቅሬታ የለኝም። ዋሸሁ፤ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አለኝ።

ምህንድስና አምስት ዓመት ተምሬ እዚሁ ሀዋሳ በተመረቅኩበት ቀን፣ ታላቅ ወንድሜ ታምራት «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ብሎ ጋውኔን ከላዬ ላይ ገፈፈኝ። ታምራት አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ነው። ቆቡን አጋድሎ አባታችን አጠገብ ተገተረ። እኔ የተዋስኩትን ካሜራ ደገንኩ። ይሄኔ አባቴ፣ ልጁን ሲያቅፍ ታይቶ የማያውቀው አባቴ፣ እጁን ታምራት ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። በንዴት ቁልፉን በኃይል ስጫነው ፎቶው ተንጋደደ፣ ደበዘዘም። የኔ ተራ ሲደርስ ባትሪው አለቀ። አባቴ «ግድ የለም፣ የአንዳችሁ የሁላችሁ ነው» አለ። የኔ ብቻ ለምን የሁላችን እንደሚሆን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው!

አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። ያ ፎቶ ሳሎን ተሰቀለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ታምራት እያየ «ኢንጂነሩ እሱ ነው?» ይላል። ታምራት «ተው እባክህ» ብሎ ያቀረቅራል። ተው ይላል እንጂ አይደለሁም አይልም።

ዘንድሮ እናቴ «ልጄ፣ የአባትህን ፎቶ አሳድሰህ በትልቁ አሠራልኝ፤ ዓይኔም አላይ ብሏል» አለችኝ። ባጃጅ ይዤ ወደ መሃል ከተማ ስከንፍ ለካ ሰይጣንም አብሮኝ ተሳፍሯል። ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ለተቀመጠችው ልጅ «የዚህን ፊት አንሺና የኔን አድርጊበት» አልኳት። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ «ጋሼ፣ የሰው ዲግሪ ነው እንዴ?» ብላኝ አረፈች። «የራሴ ነው!» ብዬ ስጮህ፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የተቀመጡ ሽማግሌ ከፎቶ ቤቱ የተዋሱትን ክራቫት ጣሉት።

ፊቴን ቆርጣ ታምራት አንገት ላይ ተከለችው። የዛሬ ፊትና የያኔ አንገት እንዴት ይስማማ? ስፌቱ ከሩቅ ይታያል። «አያስቡ ጋሼ፣ ሥዕል እናደርገዋለን፤ የዘይት ቀለም የማይሸፍነው ነገር የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀለሙ የፎቶውን ድብዘዛ ሸፈነ፣ ስፌቱን ሸፈነ፣ ሁለት ወንድማማቾች የሚለዩበትን መስመርና ጠባሳ ሁሉ ልሶ አጠፋ። አባቴ በሕይወቱ ለብሶት የማያውቀውን ሙሉ ልብስ ለበሰ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የተነሳው ፎቶ ውስጥ፣ ከኋላችን፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ጠለቀች። ቢሆንም የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። ለማንም አትንገሩ እንጂ፣ እዚያው ቆሜ ትከሻዬን ዳበስኩት።

ወስጄ ሰቀልኩት። እናቴ ተጠግታ አየችና «ውይ ታምራትዬ! እንዴት አምሮበታል!» አለች። ታምራትም መጣ፤ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ አየው፤ «አንተ፣ ቀለም ስቀባ ይህን ያህል አምራለሁ እንዴ?» ብሎ በስልኩ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ምሳ ሳይቀርብ ምርቃቱ ጎረፈ፤ «ለሁለተኛ ዲግሪህ እንኳን አበቃህ!» የሚሉ ዘመዶች፣ «በርታ፣ ዶክተር እንልሃለን!» የሚሉ የድሮ ጎረቤቶች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!» ብዬ ግድግዳውን ደበደብኩ።

እናቴ በርኅራኄ አየችኝ። «አውቃለሁ ልጄ፣ ያሠራኸው አንተ ነህ፤ ተባረክ» አለች። «በል አሁን ቅናቱን ተወውና፣ እንደ ሰው ወንድምህን እንኳን ደስ አለህ በለው።»