ሥራ አለ ወይ የሚለው ድምፅ

ፈረንጅ አገር ኖሮ የተመለሰ ሰው የሌለው ከተማ የለም፤ ከሌለውም ይላክለታል። በሃምሳዎቹ ማለቂያ ለደብረ ብርሃን የደረሷት ክቡር አቶ ዘርአ ዳዊት ነበሩ።

ክቡርነታቸው እዚያው ደብረ ብርሃን ተወልደው አድገው፣ አሜሪካንን ግን "እኛ ዘንድ" ይሉ ነበር። እኛ ዘንድ ዝናብ በሰዓቱ ይዘንባል። እኛ ዘንድ ልቅሶ ላይ አይጮኽም። ባና ሸማኔውን ስለ በግ ጠጉር፣ ቄሱን ስለ ጾም ያስተምሩ ነበር። ሚስታቸውን ወይዘሮ አልታየችንም ገና በሠርጋቸው ሰሞን፣ እኛ ዘንድ ሚስት ባሏን አንቱ አትልም ብለው አንተ አሰኟት። አልታየች ማብራሪያ ሲጀመር ምድጃ ላይ የረሳችው ነገር ትዝ እያላት ትነሣ ነበር።

የጽዋ ማኅበሩ ተራ ቤታቸው የደረሰ ዕለት ግን አልተነሣችም። አለቃ ገብረ ጻድቅ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ለመሆኑ እዚያ ሥራህ ምን ነበር ብለው ጠየቋቸው። ዘርአ ዳዊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ኮምፒዩተር የሚባል የሚያስብ መኪና ነበረን አሉ። ሲነሣ ምንም አያውቅም፤ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም፣ የትኛው ተራ እንደሚጠብቅ የሚያዝለት ጽሑፍ ይፈልጋል። ያንን ጽሑፍ ከአንድ ሽማግሌ ባልደረባቸው ጋር ጻፉት። ሌሎች የሚጽፉት በመኪናው በራሱ ቋንቋ፣ በቁጥርና በምልክት ነበር፤ እነሱ ግን ሰው አንብቦ በሚረዳው፣ አልጎል በሚሉት ቋንቋ ጻፉት።

"ያው ግእዝና አማርኛ ነው" አሉ አለቃ።

ዘርአ ዳዊት ሊያርሟቸው አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። መኪናው ሥራ ሲፈታ፣ ሽማግሌው የጻፈው መስመር ላይ ይደርስና "ሥራ አለ ወይ? ሥራ አለ ወይ?" እያለ ይጠይቃል አሉ። አጠገቡ ራዲዮ አስቀምጠው ስለነበርና የመኪናው ኤሌክትሪክ ራዲዮው ውስጥ ስለሚገባ፣ ጥያቄው እንደ ቀጭን ሲቃ ሆኖ ይሰማቸው ነበር። ሽማግሌው ሞተ። ከቀብር ተመልሰው መኪናውን ሲያስነሡት፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ።

"ሰውየው ከሞተ ቃሉን ማን ይሽረዋል?" አሉ አለቃ።

"ማንም አይሽረውም። እንከን የለበትማ።"

የማኅበሩ ሴቶች አማተቡ። ከዚያ ወዲያ ዘርአ ዳዊት ከሙት ጋር ይነጋገራሉ ተባለ፤ ጽዋው ዞሮ ሲመጣ የአልታየችን ቤት ዘሎ አለፈ። አልቅሳ ፊቷን ታጠበች፤ ለባሏ አልነገረችም።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጣርማ በር የመጣ ጉም የጎረቤትን አጥር ሳይቀር ዋጠው። ዘርአ ዳዊት ዜና ፍለጋ የራዲዮውን ቁልፍ ያዞራሉ። በጣቢያና በጣቢያ መካከል አንድ ቀጭን ሲቃ ተሰማ፤ ይነሣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ቁልፉን ማዞር ተዉ።

"ምንድን ነው?" አለች አልታየች።

"ሥራ አለ ወይ ይላል።"

መብረቅ ነው፣ ሽቦ ነው፣ እኛ ዘንድ ይህ የተለመደ ነው እስኪሏት ጠበቀች። ከድምፁ ይልቅ የሳቸው ዝምታ አስፈራት፤ እንዲያ ሲያስረዱ ኖረው፣ ይህን ለካ ብቻቸውን ኖሯል የሚሰሙት። አጠገባቸው ቁጭ አለችና ደጅ የቆመ እንግዳ እንደምታናግር ወደ ራዲዮው ጎንበስ አለች።

"የለም፣ አባቴ። ሥራው አልቋል። ይረፉ።"

ሲቃው አንዴ ተነሣ። ከዚያ የጉሙ ካፊያ ቆርቆሮውን ሲነካ ብቻ ተሰማ።

ዘርአ ዳዊት ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አልታየች "እስቲ አስረዳኝ" አለች።

"ከየት ልጀምር?"

"ከሽማግሌው። ስማቸው ማን ነበር?"

ነገሯት። ለምላስ የሚያስቸግር ስም ነበር። ደጋግማ ሞከረችው፤ እሳቸውም ሳያርሟት ጠበቋት።